ለምረቃ ጀልባ ስንከራይ፦ ማን ይነዳል? ስንት ሰው ይሳፈራል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ካፒቴን። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታናሽ እህቴ ሜይ ላይ ከነርሲንግ ትመረቃለች፤ ዝግጅቱን ፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ ጀልባ ተከራይተን ልናደርግ አስበናል። ከነልጆቹ 18 ሰው ነን። በአፕ ያገኘሁት የጀልባ ባለቤት ‹ጀልባውን ለብቻ ትከራያላችሁ፤ ካፒቴኑን እኔ አመጣለሁ፤ የእሱን ሒሳብ ግን በዜል ለራሱ ትልኩለታላችሁ› አለኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የሜሪላንድ የጀልባ ካርድ አለው፤ ‹ለምን ገንዘብ ታወጫለሽ፣ እኔ እነዳዋለሁ› ይላል። እሱ ወደፊትም ሥራው ውስጥ መግባት ይፈልጋል። ያለው ግሪን ካርድ ነው። የትኛው ነው ሕጋዊ?»

መልስ፦ ሰላም እህቴ። በቅድሚያ ለተመራቂዋ እንኳን ደስ አለሽ በይልኝ።

አጭሩ መልስ፣ ለ18 ሰው ሁለቱም መንገድ አያስኬድም። ባለቤቱ ያቀረበልሽ ነገር ሕገወጥ ቻርተር የሚባለውን፣ ማለትም ሕጉን ሳያሟሉ በክፍያ ሰው ማሳፈርን ይመስላል። ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ) ሙቀቱ ሲመጣ በየወንዙና በየባሕር ዳርቻው የሚከታተለው ይህንኑ ነው። የአክስትሽ ልጅ ካርድ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የካፒቴን ፈቃድ አይደለም። ምክንያቱን በዝርዝር ልጻፍልሽ። ምክንያቱን ካወቅሽ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ላይ ቆሞ የሚያሳምንሽ ሰው አይኖርም።

ሰው ጀልባ ሊከራይ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጀልባው ትልቅነትና ስለ ነጂው ልምድ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ቀድሞ የሚያየው ገንዘቡን ነው። ማን ለማን ከፈለ? የተከፈለው ለምንድን ነው? ካፒቴኑንስ የመረጠው ማነው? አንድ ጀልባ፣ በዚያው ወንዝ ላይ፣ ያንኑ ቤተሰብ ይዞ፣ አንድ ቀን ተራ መዝናኛ ሊሆን ይችላል። ሌላ ቀን ደግሞ የንግድ ጉዞ ይሆናል። ልዩነቱ የሚመጣው ከክፍያውና ከውሉ ነው።

ከ100 ግሮስ ቶን (የጀልባ መጠን መለኪያ ነው) በታች ለሆኑ ጀልባዎች፣ ማለትም እዚህ አካባቢ በአፕ ለሚከራዩት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ሁለት ቁጥሮችን ያዢ፦ 6 እና 12።

መጀመሪያ 6ን እንይ። ተሳፋሪ ከፍሎ ከተሳፈረ፣ ወይም ባለቤቱ ጀልባውን ከነካፒቴኑ ካከራየ፣ ያለ ምርመራ ሰርተፍኬት መጫን የሚቻለው እስከ 6 ተሳፋሪ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ካፒቴኑ የኮስት ጋርድ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። ሰባተኛው ሰው ሲገባ ደግሞ የካፒቴኑ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ጀልባው ራሱ በኮስት ጋርድ ተመርምሮ የምርመራ ሰርተፍኬት የያዘ መሆን አለበት። ምርመራው ቀልድ አይደለም። የጀልባው አካል፣ ሚዛኑ፣ የእሳት መከላከያው፣ የሕይወት አድን ዕቃው ሁሉ ይታያል። ሰርተፍኬቱ ላይ ስንት ሰው መጫን እንደሚፈቀድና ስንት ሠራተኛ መኖር እንዳለበት ተጽፏል። ሕፃን ልጅም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። ብዙ ቤተሰብ «እሱ እኮ ታቅፎ ነው የሚሄደው» እያለ ሒሳቡን የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው።

12 የሚመጣው ቤርቦት ቻርተር በሚባለው ኪራይ ነው። መኪና ያለ ሹፌር እንደመከራየት አስቢው። ባለቤቱ ጀልባውን ያስረክብሻል፤ ከዚያ በኋላ ለኪራዩ ጊዜ ጀልባው በአንቺ እጅ ነው። በዚህ ዓይነት ኪራይ ያለ ምርመራ ሰርተፍኬት እስከ 12 ተሳፋሪ መያዝ ይቻላል። ውሉን የፈረመችው ተከራይ ራሷ ከተሳፋሪ አትቆጠርም፤ ሠራተኛም አይቆጠርም። 18 ሰው ግን በየትኛውም ሒሳብ አይገባም።

አሁን ወደ ባለቤቱ ሐሳብ እንምጣ። «ጀልባው ለብቻ፣ ካፒቴኑ ለብቻ» ያለሽ ኪራዩን ቤርቦት ለማስመሰል ይመስለኛል። ቤርቦት ግን ሁለት ክፍያ በመላክ ብቻ አይሆንም። ካፒቴኑን የምትመርጪው አንቺ መሆን አለብሽ። ባለቤቱ የሚያውቃቸውን ካፒቴኖች ዝርዝር ሊሰጥሽ ይችላል፤ «እገሌን ካልያዝሽ አላከራይም» ማለት ግን አይችልም። ካፒቴኑን የምትከፍይው አንቺ ነሽ። ሥራው ካላማረሽም የባለቤቱን ፈቃድ ሳትጠይቂ ልታሰናብቺው ትችያለሽ። ነዳጁና ምግቡ በአንቺ ነው። ጀልባው ሲረከብም ሲመለስም ይታያል፣ ጉዳት ካለ ይመዘገባል። ባለቤቱ ራሱ ጉዞው ላይ መገኘት አይችልም፤ በረዳትነትም ቢሆን። «ካፒቴኑን እኔ አመጣለሁ» ባለ ጊዜ ነገሩ ቤርቦት መሆኑ አበቃ። ከነካፒቴኑ የተከራየ ጀልባ ነው፤ ልኩም 6 ነው።

በዚህ ዓይነት ኪራይ የሚሰሙ አንዳንድ ነገሮች አሉ። ውሉ ቀድሞ አይላክልሽም፤ ጉዞው ሊጀመር ሲል ማሪናው ላይ ስልክ ተዘርግቶ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ይባላል። ካፒቴኑ ፈቃዱን ሲጠየቅ «መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ» ይላል። ከሁሉም የሚያስደነግጠው «ኮስት ጋርድ ካስቆመን ጓደኛሞች ነን በሉ» የሚለው ነው። ይህን የሚልሽ ሰው የሚሠራውን በደንብ ያውቃል። በዚያች ደቂቃ ልጆቹን ይዘሽ ወደ መኪናሽ ተመለሽ። የከፈልሽውን ቅድመ ክፍያ አፑን በኋላ ትጠይቂዋለሽ።

ሰው «ቅጣቱ የባለቤቱ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?» ይላል። አዎ፣ የኮስት ጋርድ ቅጣት በዋናነት የሚያርፈው በባለቤቱና በነጂው ላይ ነው። የተለያዩት ጥፋቶች ሲደመሩ ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ግን ሁለት ነገር ለአንቺም ይተርፋል። አንደኛው፣ ኮስት ጋርድ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጀልባ ላይ ወጥቶ የመፈተሽ ሥልጣን አለው። ጉዞው ሕገወጥ ሆኖ ካገኘው እዚያው ያቋርጠዋል፤ ኬኩ ሳይቆረስ ወደ ማሪና ትመለሳላችሁ። ሁለተኛው ከባድ ነው። የቤርቦት ውል ስትፈርሚ ለዚያ ቀን በሕግ ፊት የባለቤቱን ቦታ ትወስጃለሽ። ሰው ቢጎዳ «ጀልባው በማን እጅ ነበር?» ሲባል የአንቺ ፊርማ ይወጣል። የገዛ እንግዶችሽ፣ ወይም የእነሱ ኢንሹራንስ፣ አንቺን ሊከስሱ ይችላሉ። ተራ የጀልባ ኢንሹራንስ ደግሞ ከፍሎ ለሚሳፈር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ባለቤቱ ስድስት ሰው ለመጫን እንኳ ትክክለኛ የቻርተር ኢንሹራንስ ከሌለው ውሉ ባዶ ወረቀት ነው።

ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ እንዳይመስልሽ። በ2018 ማያሚ ላይ በቻርተር ጀልባ የሄደ አንድ መንገደኛ ውሃ ውስጥ ሳለ በፕሮፔለሩ ተመትቶ ሞቷል። ነጂው ለሥራው የሚያስፈልገው የኮስት ጋርድ ፈቃድ አልነበረውም፤ በፌዴራል ፍርድ ቤትም ተከሶ ጥፋተኛ ሆነ። ፈቃድ ያለው ሰው ስህተት አይሠራም ማለቴ አይደለም። ግን ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ከኋላ ሰው መኖር አለመኖሩን ማየት እጁ ውስጥ የገባ ልማድ ይሆንበታል። ፈተናውም፣ የውሃ ላይ ልምዱም፣ የዕፅ ምርመራውም የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ስለ መዋጮ ጠይቀሽ ባይሆንም ልጨምርልሽ፤ የእኛ ሰው ሁሉን በመዋጮ ነውና የሚያደርገው። ጓደኛሽ በራሱ ጀልባ ወስዷችሁ ነዳጁን በፈቃዳችሁ ብትካፈሉ፣ ያ ተከፍሎ የተሳፈረ ጉዞ አይባልም። ሕጉ የሚያየው ገንዘቡ የመሳፈሪያ ግዴታ መሆን አለመሆኑን ነው። «50 ዶላር ያልላከ አይሳፈርም» ከተባለ ግን ተሳፋሪው ከፍሎ የተሳፈረ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፈቃድ ያለው ካፒቴን ያስፈልጋል፣ ልኩም 6 ነው። ስለዚህ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ በነፍስ ወከፍ ዋጋ አትለጥፊ። ወጪውን አንድ ወይም ሁለት ሰው ይቻለው፤ ሌላው ስጦታውን ለተመራቂዋ ይስጣት።

የአክስትሽ ልጅ ያለው ካርድ የሜሪላንድ የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ሰርተፍኬት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለደ ሰው የሞተር ጀልባ ለመንዳት ይህን ይዞ መገኘት አለበት። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። የሚታየው መታወቂያው ላይ ያለው የልደት ቀን ነውና ወረቀታቸው ላይ ሌላ ቀን የተጻፈባቸው ታላላቆቻችን ይህን ልብ ይበሉ። ሰርተፍኬቱ አያልቅበትም፣ ለዕድሜ ልክ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ ጄት ስኪ ወይም 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ያለው ጀልባ የሚነዳ ሰው ትምህርቱን መውሰዱን ወይም ሕጉ ከሚቀበላቸው ሌሎች ማረጋገጫዎች አንዱን መያዙን ትጠይቃለች።

ይህ ካርድ የሚያስችለው ነገር፣ ያለ ክፍያ፣ ለመዝናናት፣ የራሱን ወይም በትክክለኛ ቤርቦት የተከራያችሁትን ጀልባ መንዳት ነው። ከ12 የማትበልጡ ብትሆኑ፣ ባለቤቱ በውሉ ላይ የአክስትሽን ልጅ በነጂነት ቢቀበለው፣ እሱም አንድ ሳንቲም ባይቀበል ነገሩ ይሄዳል። «ለደከመበት» ብለሽ ብር ካስጨበጥሽው ግን የተቀጠረ ካፒቴን አደረግሽው። እዚያ ደረጃ ላይ ፈቃድ ያለው ሰው መያዝ ይሻላል፤ የባለቤቱም ኢንሹራንስ መጠየቁ አይቀርም። ደግሞ በሐቀኝነት ልንገርሽ። ካርዱ በኦንላይን ኮርስ የሚገኝ ነው። ትንሽ የዓሣ ጀልባ መንዳትና ሰው የሞላበትን ትልቅ ፖንቱን (ወለሉ ጠፍጣፋ ጀልባ) ነፋስ እየገፋው ማሪና ውስጥ ማስጠጋት የተለያየ ነገር ነው። ልጁን ባላውቀውም፣ የመጀመሪያ ልምምዱ በእህትሽ ምረቃ ቀን ባይሆን እመርጣለሁ።

ፖቶማክ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር የድንበሩ ጉዳይ ነው። «ከአሌክሳንድሪያ ስለተነሳን የቨርጂኒያ ሕግ ነው» ይባላል። አይደለም። ከዉድሮው ዊልሰን ድልድይ በታች ወንዙ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ነው፤ ነገሩ በ1632 ከእንግሊዙ ንጉሥ ከተሰጠው ቻርተር የመጣ ነው። ከድልድዩ በላይ፣ በአሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውን ፊት ለፊት ያለው ውሃ የዲሲ ነው። ስለዚህ በአንድ ከሰዓት ውስጥ የዲሲ ወደብ ፖሊስም፣ የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስም፣ ኮስት ጋርድም ሊያስቆማችሁ ይችላል። ከላይ የነገርኩሽ የ6 እና የ12 ሕግ ግን ፌዴራል ስለሆነ በሁሉም ቦታ አንድ ነው።

ልጁ ሥራው ውስጥ ለመግባት ከምሩ ከሆነ መንገዱ አለ፤ በዚህ በጣም ደስ ይለኛል። መነሻው ኦዩፒቪ የሚባለው ፈቃድ ነው፤ ማሪና ላይ ሁሉም «ሲክስ ፓክ» ይለዋል። ምርመራ በማያስፈልገው ጀልባ እስከ 6 ተሳፋሪ በክፍያ ለመውሰድ ያስችላል። ዕድሜው 18 የሞላ፣ 360 ቀን የጀልባ ልምድ ያለው መሆን አለበት። ከዚህ ውስጥ 90ው ቀን ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት። አንድ ቀን ለመባል ውሃ ላይ ቢያንስ 4 ሰዓት ያስፈልጋል። ልምዱ በቅጽ ተሞልቶ ይቀርባል፤ የሰው ጀልባ ላይ ከሆነ የጀልባው ባለቤት ይፈርምለታል። ከዚያ የጤና ምርመራ አለ፤ ዓይኑ ቀለም መለየቱም ይታያል፤ ሌሊት ቀይና አረንጓዴ መብራት የማይለይ ሰው ጀልባ መንዳት አይችልምና። የዕፅ ምርመራ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታና ሲፒአር፣ እንዲሁም ቲዊክ የሚባለው የትራንስፖርት ደኅንነት ካርድ አለ። ፈተናው ላይ ውሃ ላይ የመተላለፊያ ሕግን በሚመለከተው ክፍል 90 ከመቶ ማምጣት ግድ ነው። ኮስት ጋርድ ባጸደቀው ትምህርት ቤት ኮርሱን የወሰደ ሰው ፈተናውን እዚያው ይጨርሳል። ፋይሉን የሚያየው ብሔራዊ የባሕረኞች ማዕከል ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ ነው፤ ፈቃዱ ለ5 ዓመት ያገለግላል።

ግሪን ካርዱ ላይ ብዙ ሰው የተሳሳተ ነገር ይነግረዋል፤ ስለዚህ ጠበቅ አድርጌ ልጻፈው። ኦዩፒቪ ያለ ዜግነት ማግኘት ይቻላል። በዚያ ፈቃድ የሚነዳው ግን በፌዴራል የመርከብ መዝገብ ያልገቡ፣ የስቴት ቁጥር ብቻ ያላቸውን ጀልባዎች ነው። ከዚያ ከፍ ያለው የማስተር ፈቃድ ዜግነት ይጠይቃል። ካፒቴን መሆንና የጀልባው ባለቤት ሆኖ መነገድ ደግሞ የተለያዩ ናቸው። በአሜሪካ ውሃ ላይ ተሳፋሪ በክፍያ የሚያጓጉዝ ጀልባ ባለቤቱ አሜሪካዊ ዜጋ፣ ጀልባውም አሜሪካ የተሠራ መሆን አለበት። ጀልባው ውጭ አገር የተሠራ ከሆነ ለትናንሽ ጀልባዎች የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አለ፤ የባለቤቱን ዜግነት ግን አያስቀርለትም። እንግዲህ ልጁ አሁን ገንዘቡን ሰብስቦ ጀልባ አይግዛ። ፈቃዱን ያውጣ፣ ለሌላ ሰው ይንዳ፣ ልምድ ያጠራቅም። ዜግነቱ ሲመጣ ጀልባውን ይገዛል። ያለውን ሁሉ ጀልባ ላይ አፍስሰው በኋላ በዚህ ሕግ የተያዙ ሰዎች አውቃለሁ። በጣም ያሳዝናል፤ ቀድሞ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

አሁን ለ18 ሰው ምን ታድርጊ? የእኔ ምርጫ የምርመራ ሰርተፍኬት ያለው ጀልባ ነው። ዲሲ ዋርፍ፣ አሌክሳንድሪያና አናፖሊስ ላይ ለዝግጅት የሚከራዩ አሉ። ሜይ የምረቃ ወር ስለሆነ ቶሎ ይያዛሉና አሁኑኑ ደውዪ። ስትደውዪ ስለ ሙዚቃና ስለ ጀበና ከማውራትሽ በፊት የምርመራ ሰርተፍኬቱን ፎቶ ጠይቂ። ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ ይልክልሻል። የጀልባውን ስም ካገኘሽም የኮስት ጋርድ የመርከብ መረጃ ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ ምርመራውን ማየት ትችያለሽ። ቡና ልታፈሉ ካሰባችሁ ደግሞ ከሰል የሚባል ነገር አይፈቀድም፤ ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ።

ሁለተኛው አማራጭ ቁጥሩን መቀነስ ነው። እህትሽና የቅርብ ሰዎቿ፣ 6 ሆናችሁ፣ ፈቃድ ካለው ካፒቴን ጋር ለሁለት ሰዓት ፀሐይ ስትጠልቅ ውጡ፤ ምሳውን ከሁሉም ጋር መሬት ላይ ብሉ። ወላጆች ከአገር ቤት የሚመጡ ከሆነ ይሄኛውን የሚወዱት ይመስለኛል፤ ጫጫታው ያነሰ ነው።

ላይፍ ጃኬት ላይ አልደራደርም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ በልኩ፣ መኖር አለበት። በፌዴራል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ካልሆነ በስተቀር፣ ጀልባው ሲንቀሳቀስ መልበስ ግዴታው ነው። የልጅ ጃኬት የሚለካው በክብደት ነው፦ ከ30 ፓውንድ በታች፣ ከ30 እስከ 50፣ ከ50 እስከ 90። አከራዮች የሕፃን ልክ ብዙ ጊዜ የላቸውም፤ ልጅ ያላቸው ሰዎች ገዝተው ይምጡ። ከእኛ ታላላቆች ብዙዎቹ ዋና አይችሉም፤ ሜይ ላይ ደግሞ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው። እናቶች በሐበሻ ቀሚሱ ላይ ይልበሱት፤ ፎቶው አይበላሽም። ነጠላውን ግን ከሞተሩና ከገመዱ አካባቢ ያርቁት። ጀልባውን የሚነዳ ሰው ደግሞ ቢራም ጠጅም አይቅመስ፤ ለመዝናኛ በሚነዳ ጀልባ፣ እንደ መኪናው ሁሉ፣ በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 ከደረሰ ያስከስሳል።

ለባለቤቱ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «18 ሰው ነን። ጀልባው የኮስት ጋርድ የምርመራ ሰርተፍኬት አለው? ካለው ፎቶውን ላክልኝ።» የሚመልስልሽን እዚሁ ጻፊልኝ፤ ውሉንም ከላከልሽ ከመፈረምሽ በፊት አብረን እናየዋለን።